ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ሕፃናት ስለሚማሩበት ተማሪ ቤት

የመምህርነትን ሥራ ለመማር የገባ ሰው አስቀድሞ የሚያገኘው የመጻሕፍት ትምህርት ነው። ስለ ሕፃናት ጠባይ፥ ስለ አእምሮ እድገት፥ ስለ ፈተና አሰጣጥ ብዙ ተጽፎለታል፤ እርሱም ያነባል፥ ይፈተናል፥ ያልፋል። ነገር ግን ሌላው መምህር ቆሞ ሲያስተምር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሳያይ የቀረ እንደ ሆነ፥ ስለ ዋና ብዙ አንብቦ ወንዝ እንዳልገባ ሰው ይቆጠራል። ስለዚህ ዕጩ መምህራንን ወደ ልዩ ልዩ ተማሪ ቤቶች መላክ የሚያስመሰግን ልማድ ነው። እኔም በዚሁ ልማድ መሠረት በአዲስ አበባ ከሚገኙት ዓለም አቀፍ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ ቤቶች በአንዱ ሦስት ቀን ስለ ቆየሁ፥ ያየሁትንና ያሰብኩትን ለአንባቢዎች ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

ዓለም አቀፍ ተማሪ ቤት የሚባለው ነገር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የመንግሥታት ማኅበርና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጄኔቭ በተቀመጡ ጊዜ፥ ከየአገሩ የመጡት ሠራተኞች ለልጆቻቸው ትምህርት ማሰብ ግድ ሆነባቸው። በዚህም ምክንያት በ1917 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924፥ የጄኔቭ ዓለም አቀፍ ተማሪ ቤት ጥቂት ልጆችን ይዞ ተከፈተ። አገራችን የዚያ ማኅበር አባል የሆነችው ከአንድ ዓመት በፊት በመስከረም 1916 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያው በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በሚያዝያ ወር የተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት በአዲስ አበባ ተመረቀ። የሁለቱ ቤቶች መሥራቾች የተማከሩ አይደሉም። ሆኖም አንደኛው የብዙ አገር ልጆችን በአንድ ጣራ ሥር ለማኖር፥ ሁለተኛው የብዙ አገር ዕውቀትን ለአንድ አገር ልጆች ለማምጣት በአንድ ዓመት መከፈታቸው የሚያስደንቅ ነው። በኋላም የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም.፥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስለ ተቋቋሙ፥ የጄኔቭ ችግር የእኛም ከተማ ችግር ሆነ።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። የሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሕፃናቱ ሃያ ሁለት፥ መምህራኑ ሁለት ናቸው። ወንበሮቹ በመደዳ አልተደረደሩም፤ ልጆቹ አራትና አምስት ሆነው በየጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጣሉ። ከምዕራብ አፍሪካ የመጣች ልጅ ከሕንድ ልጅ ጋር እርሳስ ትጋራለች። የዚያን ቀን ትምህርት ስለ ውሃ ነበር። መምህርቷ ብርጭቆ ውሃ አንሥታ «ይህ ውሃ ወደ ቧንቧው ከመምጣቱ በፊት የት ነበር?» ብላ ጠየቀችና ዝም አለች። ዝምታዋ ረዘመ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ ተጨነቅሁ። ከዚያ በኋላ አንዱ ከጣራው ላይ ካለው ሮቶ፥ ሁለተኛዋ ከዝናብ፥ ሦስተኛው ከመሬት ውስጥ አለ። መምህርቷ አንዱንም ልክ ነው ወይም ስሕተት ነው ሳትል ሁሉንም በትልቅ ወረቀት ጻፈችው። ልጆቹ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የገፈርሳንና የለገዳዲን ግድቦች፥ የአቃቂን የከርሰ ምድር ውሃ ጉድጓዶች በካርታ ፈልገው ካገኙ በኋላ፥ ከወረቀቱ ላይ የትኛው መልስ እንደሚጸና ራሳቸው ፈረዱ። ከመሬት ውስጥ ያለው ልጅ ደስታ አላስቀምጠው አለ።

ይህ አሠራር የመምህርቷ ብቻ ፈጠራ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 በጄኔቭ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የባካሎሬያ ድርጅት፥ ለሕፃናት ያዘጋጀውን ሥርዓት ወደ ሠላሳ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በፊት አውጥቷል። በዚህ ሥርዓት ትምህርቱ በስድስት ታላላቅ አርእስት ይጠቃለላል፤ ሒሳቡም፥ ንባቡም፥ የተፈጥሮ ሳይንሱም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሰበሰባል። መልካም ተማሪ ሊኖሩት የሚገቡ ዐሥር ጠባዮችም በግድግዳው ተለጥፈዋል። አንዱን ልጅ ርኅሩኅ ማለት ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው ትርጉሙን ትቶ ወደ ጓደኛው ጠቆመኝ።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ያ የመምህርቷ ዝምታ ነው። እኛ በተማርንበት ክፍል መምህሩ ይጠይቃል፥ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል፥ ትምህርቱም እንደ ገባ ይቆጠራል። ይህንን የጥንት ልማዳችን ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያስቀጽሉታል፤ አንዱ ገና ፊደል ሲለይ ሌላው አቡጊዳ፥ ሌላውም ዳዊት ይደግማል፤ የበረታው ለጀማሪው ያስጠናል። ጉባኤው ይጮኻል እንጂ ማንም በጩኸቱ ውስጥ ተሸሽጎ አያልፍም፤ የኔታ የሁሉንም ድምፅ ለይተው ያውቃሉና። አለንጋውን አልናፍቀውም። ነገር ግን እያንዳንዱን ልጅ በደረጃው መስማት ዛሬ ከውጭ አገር እንደ መጣ አዲስ ጥበብ ሲነገርልን ዝም ብሎ መስማት ይከብዳል።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ደስ የማያሰኘውን ነው። ከሃያ ሁለቱ ሕፃናት ስድስቱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አማርኛ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ ሌላው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ከስድስቱ አንዱ በስሙ ትርጉም የሚኮራ ልጅ ነው፤ በፊደል ግን ሊጽፈው አልቻለም። ወደ ማታ አያቱ ሊወስዱት መጥተው «እንዴት ዋልክ የኔ ጌታ?» ቢሉት በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ነገራቸው፤ እርሳቸውም ሳቅ ብለው ራሱን ሳሙት፤ ከነገራቸው አንዱንም አልሰሙትም። ልጁ ስለ ገፈርሳ ነበር የነገራቸው።

ወላጆቹን ለመውቀስ አልቸኩልም። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ተማሪ ቤት እንኳ ሥራውን የጀመረው ከግብፅ በመጡ መምህራን ነው፤ የውጭ ቋንቋም በዚያ ዘመን የመንግሥት ሥራ በር ነበር። በሩ ዛሬም አልተዘጋም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ የደነገገው ግን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጅ የሚያስብበትን ቋንቋ ሳያጸና ሌላውን ቢደርብበት ሁለቱም ሊሳሱበት ይችላሉ። የባዕድ ቋንቋ መማር ሀብት ነው፤ የአያትን ቋንቋ ከፍሎ የሚገዛ ሲሆን ግን ዋጋው በዛ እላለሁ። ደግሞም የዚህን ተማሪ ቤት መሠረተ አሳብ ያወጡት ሰዎች ልጅ የገዛ አገሩን እንዲረሳ አልፈለጉም፤ የሌላውንም እንዲያከብር እንጂ።

እኔ ወደፊት የምመደብበት ክፍል ሃያ ሁለት ልጆችና ሁለት መምህራን የሚገኙበት እንደማይሆን ዐውቃለሁ። ክብ ጠረጴዛውን፥ የመጻሕፍት ቤቱን፥ ባለ ቀለሙን ካርታ መመኘት ከንቱ ነው። ጥያቄውና ዝምታው ግን ገንዘብ አይጠይቁም። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት፥ ማስተማር በምለማመድበት የመንግሥት ተማሪ ቤት፥ ስልሳ ሁለት ሕፃናት ባሉበት ክፍል ያንኑ የውሃ ጥያቄ በአማርኛ አቀረብኩ። የፊተኛው ወንበር ወደ ኋለኛው ዞሮ እንዲነጋገር አደረግሁ። ድምፁ በርትቶ የጎረቤቱ ክፍል መምህር በመስኮት አየኝ። በእኔ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው መልስ በዚያኛው ክፍል ወረቀት ላይ ከተጻፈው ይበዛ ነበር፤ ከቦኖ፥ ከቦቴ፥ ከምንጭ፥ ከጎረቤት ጉድጓድ። አንዲት ልጅ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ትታ መቼ እንደሚመጣ ነገረችን፤ ሌሊት እንደሚመጣና እናቷ ሳትተኛ እንደምትጠብቀው። አርባው ደቂቃ ሲያልቅ የተናገሩት ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ። የአርባ ሦስቱን ስም ለማግስቱ በደብተሬ ጻፍኩ።