የሙዙ ዋጋ እና ጥቅምት 30

የምዕራብ ዓባያ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ብርብር ሙዝ ጭኖ የተነሳ አይሱዙ አዲስ አበባ እስኪገባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ገበሬው የሚሰማው ዋጋ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ደላላው የነገረው። ባለፈው ሳምንት ስንት ነበር? አምና በዚህ ወርስ? ዛሬ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ላይ በስንት እየተራገፈ ነው? ይህን ጎን ለጎን አድርጎ የሚያሳየው መዝገብ የለም።

አክሲዮን ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። በእንዲህ ያለ ገበያ ሽያጭ ሁሉ ቀንና ዋጋ ይዞ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ካለ ደግሞ ግራፍ መሥራቱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠንጠረዥ የሚያነበው ፓንዳስ የተወለደውም እዚያው ገንዘብ ሰፈር ነው። ዌስ ማኪኒ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው፣ በኢንቨስትመንት ድርጅት ተቀጥሮ ሲሠራ ነበር። መስመሩን የሚስለውን ማትፕሎትሊብን የጀመረው ጆን ሀንተር ግን የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነበር። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ኮምፒውተሩ የሚፈልገው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በየረድፉ ቀን፣ ገበያ፣ ምርት፣ መለኪያና ዋጋ በኮማ ተለያይተው የሰፈሩበት። አንድ ትእዛዝ ያነበዋል፣ አንድ ትእዛዝ ይስለዋል። አክሲዮን ይሁን ሙዝ ለእሱ ያው ነው። የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከኢትዮጵያ ገበያዎች የሚሰበስበውን የበቆሎና የማሽላ ዋጋ በዚሁ መልክ በነፃ ስለሚለቅ፣ መማር የሚፈልግ ሰው ከዚያ ቢጀምር ጥሩ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ፋይሉን ራሳችን ስንሠራ ነው፤ በተለይ ቀኑ ላይ። ብርብር ላይ ያለ መዝጋቢ ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 2017-02-30 ብሎ ይጽፋል እንበል። ፓንዳስ ይህን የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም ብሎ ይቆማል። ጳጉሜንም በ13ኛ ወርነት ስትገባ አይቀበላትም። እነዚህ እንኳ ደግ ስህተቶች ናቸው፤ ይጮኻሉ። የሚያሰጋው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ተብሎ የገባው ረድፍ ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ሆኖ ይቀመጣል፤ ትክክለኛው ግን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነበር። ከጎኑ በፈረንጅ ቀን የተመዘገበ የዶላር ምንዛሪ ቢሳል፣ ሁለቱ መስመሮች ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ተራርቀው ይቆማሉ።

መፍትሔው ያስደስታል፤ የእኛ አቆጣጠር ለስሌት እጅግ ይመቻልና። ጳጉሜን ካልሆነ በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። ከዓመቱ አንድ ቀንሶ በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ትቶ ሙሉ ቁጥሩን መደመር፤ ከወሩ አንድ ቀንሶ በ30 አባዝቶ መደመር፤ በመጨረሻም ቀኑን መደመር ነው። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ተራ ቁጥር ያገኛል፤ መስከረም 1 ቀን 2017 በፈረንጅ መቼ እንደዋለ ስለምናውቅ ሌላው ሁሉ ከእሱ ተነስቶ ይቆጠራል። ይህን በፓይተን ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል።

ሁለተኛው ወጥመድ ባዶ ቦታ ነው። መኪና ያልመጣበት ቀን ዋጋ የለውም፤ ዋጋ የለውም ማለት ዜሮ ብር ነው ማለት አይደለም። ዜሮ ከተሞላበት ግራፉ ወደ ታች ተምዘግዝጎ ይመለሳል፣ አማካዩም ይበላሻል። ባዶውን ባዶ መተው ይሻላል። እኔ በነጥብ መሳልን እመርጣለሁ፤ ነጥቦችን የሚያገናኝ መስመር ሰው ያልጠየቀውን ዋጋ ያለ ያስመስላልና።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ያን ቀን የሚሻገር ማንኛውም የዋጋ ግራፍ እዚያ ላይ ቀጥ ያለ ምልክት ይገባዋል፤ አለበለዚያ የብር መርከስ የሙዝ መወደድ ይመስላል።

ከሁሉ በላይ እንዲሳል የምመኘው የሁለት ዋጋዎች ግራፍ ነው፤ የብርብር ማሳና የአዲስ አበባ አትክልት ተራ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ኪሎ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነዳጅ፣ የመኪና ኪራይ፣ መንገድ ላይ የሚበላሸው ሙዝና የደላላው ድርሻ ነው። ነዳጅ ሳይጨምር ክፍተቱ ከሰፋ ገበሬው የሚጠይቀው ጥያቄ ያገኛል። ለዚህ መዝገብ ስልክና አንድ ትጉህ ወጣት ይበቃሉ። ከዋጋው ቀጥሎ ባለው ዓምድ ግን አንድ ነገር ሳይዘለል ይጻፍ፦ ዋጋው ማሳ ላይ ነው ወይስ ሙዙ መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ? ሁለቱ በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ የጫኚዎች ክፍያ የሙዝ ዋጋ ሆኖ ይቆጠራል፤ በኋላም የትኛው የትኛው እንደነበር ከፋይሉ መለየት አይቻልም።