ስድስት ጎራሽ፣ አምስት ጥይት

በዳላስ፣ ቴክሳስ፣ የጦር መሣሪያ እጠግናለሁ። አንድ የአገሬ ሰው አሮጌ ሩገር ብላክሆክ ሽጉጥ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ።

«ባዶ ነው» አሉኝ።

አፈሙዙን ወደ አሸዋ ባልዲው አዞርኩ። መዶሻውን በግማሽ ስቤ፣ የጎን መክፈቻውን ከፍቼ የጥይት ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ስድስቱም ጎርሰዋል።

«ጋሼ፣ ከእጅዎ ቢወድቅ ኖሮስ?»

«ቃታው ሳይሳብ ምን ይሆናል?»

ብዙ ሰው እንደ እሳቸው ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1873 የወጣው የኮልት ሽጉጥና የእሱን አሠራር የተከተሉት ግን መዶሻቸው ሲወርድ መርፌው የጥይቱ ቂጥ ላይ ያርፋል። ሽጉጡ በመዶሻው በኩል ድንጋይ ላይ ከወደቀ፣ ቃታውን ማንም ሳይነካው ሊተኩስ ይችላል። ስለዚህ የድሮ ሰዎች አምስት ብቻ አጉርሰው መዶሻውን ባዶው ቀዳዳ ላይ ያሳርፉ ነበር።

ሩገር እ.ኤ.አ. በ1973 በመዶሻውና በመርፌው መካከል የምትገባ ትንሽ ብረት ጨመረ። ቃታው እስከ መጨረሻው ካልተሳበ ምቱ መርፌው ጋ አይደርስም። ፋብሪካው ለቀድሞዎቹም በነፃ ይገጥማል። አንዳንዱ ባለቤት ግን «የቃታው አሳሳብ ይበላሽብኛል» ብሎ እምቢ ይላል። እኔ ይህን ቅብጠት እለዋለሁ።

ሌላው ጣጣ፣ የተሳበን መዶሻ በአውራ ጣት መመለስ ነው፤ ላብ ያለበት ጣት ይንሸራተታል።

አሮጌ ስድስት ጎራሽ ያላችሁ፣ «ባዶ ነው» ያላችሁን ሰው አትመኑ፤ ራሳችሁ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። ጥይቱንም ለብቻው ቆልፉበት።