ደብዳቤው የማይነግራችሁ ሦስተኛ ዓመት

መጋቢት አጋማሽ ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ከአትላንታ የሚደወልልኝ ስልክ ጥያቄው አንድ ነው። «ልጃችንን ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀብለዋታል፤ ሁለቱም ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሺህ ዶላር ሰጥተዋታል፤ የቱ ይሻላል?» እኔም መልሼ «ሦስተኛው ዓመት ላይ የምትከፍሉት ስንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ወረቀት ሲገላበጥ ይሰማኛል። መልሱን ግን እዚያ አያገኙትም፤ የስኮላርሺፕ ደብዳቤው የተጻፈው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው።

በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የፋይናንሺያል ኤድ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ ካምፓስ ልትጎበኙ ስትሄዱ የማይነገራችሁን ልንገራችሁ። የስኮላርሺፑን መጠን የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የልጃችሁን ድርሰት ያነበበው ሰው አይደለም። «ኢንሮልመንት ማኔጅመንት» የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች፣ አንዳንዴም ከውጭ የተቀጠረ አማካሪ ድርጅት፣ ያለፉትን ዓመታት መረጃ ይዘው ያሰላሉ፦ ይህን ያህል ውጤት ያላት፣ ቤተሰቧ ይህን ያህል ገቢ ያለው ልጅ ስንት ቢቀነስላት ትመጣለች? በግል ኮሌጆች ዘንድ «ሜሪት ስኮላርሺፕ» ከሚባለው ውስጥ አብዛኛው ከተለጠፈው ዋጋ ላይ የሚደረግ ቅናሽ ነው። ናኩቦ የተባለው የዩኒቨርሲቲ ፋይናንስ ኃላፊዎች ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ጥናት መሠረት፣ በግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢ ተማሪ የሚደረገው አማካይ ቅናሽ ከ50 በመቶ አልፏል። ይህን የምላችሁ የልጃችሁን ጉብዝና ለማሳነስ አይደለም፤ ጎበዝ ባትሆን ደብዳቤው ባልመጣ ነበር። ግን ዋጋ መሆኑን ያወቀ ቤተሰብ «ፕሬዝዳንሻል ስኮላርሺፕ» በሚለው ስም አይደናገርም፤ መጠየቅ እንደሚችልም ይገባዋል።

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና መጀመሪያ ብድሩን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዙ። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት (ጋኦ) እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ወደ 91 በመቶ የሚጠጉት ኮሌጆች በደብዳቤያቸው ላይ ቤተሰቡ በእርግጥ የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ ወይ ጭራሽ አይጽፉም፣ ወይ አሳንሰው ይጽፋሉ። ዘዴው ቀላል ነው። ግራንቱንም (የማይመለሰውን እርዳታ)፣ የተማሪዋንም የፌዴራል ብድር (ለመጀመሪያ ዓመት እስከ 5,500 ዶላር)፣ የወላጅ ብድሩንም፣ ዎርክ ስተዲውንም ደምረው «ጠቅላላ እርዳታ» ይሉታል። ዎርክ ስተዲ ልጅቷ ሥራ አግኝታ፣ ሠርታ፣ በየሁለት ሳምንቱ የምትቀበለው ደመወዝ ነው፤ ኮሌጁ ከሚልክላችሁ ሂሳብ አይቀነስም። «ፓረንት ፕላስ» የሚለውን ካያችሁ ደግሞ እሱ በእናንተ ስም የሚወሰድ ዕዳ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ ተበዳሪ ወላጅ ለአንድ ልጅ በዓመት ከ20,000፣ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ መውሰድ አይችልም። አስቡት፦ በየዓመቱ 20,000 እየወሰደ የሄደ አባት ልጁ አራተኛ ዓመት ስትገባ የሚቀረው 5,000 ነው። ልጅቷ ልትመረቅ አንድ ዓመት ሲቀራት ገንዘቡ ያልቃል። ብድር ላይ የተመሠረተ ዕቅድ ካላችሁ፣ ከአሁኑ ለአራት አካፍሉት።

ብድሩ ከተሰረዘ በኋላ የቀሩት ሁለት ቁጥሮች አሁንም እኩል ይመስሉ ይሆናል። እንግዲህ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ስኮላርሺፕ «በዓመት 25,000 ዶላር» ይላል፤ ሌላው «የትምህርት ክፍያውን ይህን ያህል በመቶ» ይላል። የትምህርት ክፍያው ዛሬ 40,000 ቢሆንና በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምር፣ አራተኛው ዓመት ላይ 45,000 ሊደርስ ምንም አይቀረውም። 25,000ው ግን ካለበት አይነቃነቅም። የምትሞሉት ልዩነት 15,000 የነበረው ወደ 20,000 ይጠጋል፤ የአራቱ ዓመት ሲደመር፣ በመጀመሪያው ዓመት ሂሳብ ካሰባችሁት ወደ 10,000 ዶላር ይበልጣል። ይህ የዶርምና የምግብ ጭማሪ ሳይቆጠር ነው። በመቶኛ የተሰጠው ስኮላርሺፕ ከዋጋው ጋር አብሮ ያድጋል። ሁለት እኩል ደብዳቤ ይዛችሁ ከመጣችሁ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ሌላም አለ፤ ይህኛው ከውስጥ ካልሆነ በቀር ብዙም አይወራም። አንዳንድ ኮሌጅ ለአዲስ ገቢ ተማሪ ግራንቱን ከፍ አድርጎ ይሰጥና ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ይቀንሳል። አንዴ ከገባች፣ ጓደኛ ካፈራች፣ ክሬዲቷ እዚያ ከተቆጠረ፣ ለመዘዋወር እንደምትቸገር ያውቃሉ። ይህን የሚያደርጉትንና የማያደርጉትን ለመለየት ማንንም መለመን አያስፈልግም። ብዙ ኮሌጆች «ኮመን ዳታ ሴት» የሚባል ሰነድ በየዓመቱ በይፋ ያወጣሉ። «ኤች» የሚለውን ክፍል ክፈቱ። በአንድ ዓምድ የአዲስ ገቢዎች፣ በቀጣዩ የሁሉም ሙሉ ጊዜ ተማሪዎች አማካይ ግራንት ጎን ለጎን ተቀምጧል። የመጀመሪያው ከሁለተኛው በብዙ ሺህ ዶላር ከበለጠ፣ የልጃችሁ ሦስተኛ ዓመት ምን ሊመስል እንደሚችል ነግሮአችኋል። ሁለቱ ከተቀራረቡ ያ ጥሩ ምልክት ነው።

የውጤት ግዴታውን በጥሞና አንብቡ። የጆርጂያው ሆፕ ስኮላርሺፕ ለምሳሌ ጂፒኤ 3.0 ይፈልጋል፤ ተማሪው 30፣ 60 እና 90 ክሬዲት ላይ ሲደርስ ይመረመራል። ግልጽ ሕግ ነው፤ ያጣው ልጅም አንድ ጊዜ መልሶ ሊያገኘው ይችላል። የግል ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ግን 3.5 ሊል ይችላል፤ አንዴ ካመለጠም ላይመለስ ይችላል። የእኛ ቤተሰቦች ልጃቸው ሐኪም እንድትሆን ይፈልጋሉ፤ ፍላጎቱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመት ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ካልኩለስ በሃይስኩል ሁሉንም ኤ ያመጣችን ልጅ በአንድ ሴሚስተር 3.3 ላይ ሊያስቀምጣት ይችላል። 3.3 ለብርቱ ተማሪ የሚያሳፍር አይደለም፤ 25,000 ዶላር ግን ሊያስነጥቅ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ቢሮዎች በኢሜይል ጠይቁ፦ ይህን ስኮላርሺፕ ይዘው ከገቡት ውስጥ ስንት በመቶው ሦስተኛ ዓመት ላይም ይዘውታል? ከሳይንስ ተማሪዎችስ? ቁጥሩን የሚያውቅ ቢሮ ያውቀዋል። «አብዛኞቹ ይይዙታል» ብሎ የሚያልፋችሁን በጥርጣሬ ተመልከቱት።

አሥራ ሁለት ክሬዲት የሚባለውን ነገርም ልብ በሉልኝ። ተማሪዋ በሴሚስተር 12 ክሬዲት ከያዘች ሙሉ ጊዜ ተማሪ ናት፤ ብዙውን ጊዜ እርዳታዋም አይነካም። ለመመረቅ ግን ብዙውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በአራት ዓመት ለመጨረስ በየሴሚስተሩ 15 መውሰድ አለባት። በ12 የቀጠለች ልጅ አምስተኛ ዓመት ትገባለች፤ አብዛኛው ስኮላርሺፕ ደግሞ ለስምንት ሴሚስተር ብቻ ነው። አምስተኛውን ዓመት ያለ ቅናሽ መክፈል፣ ሁለት ደብዳቤዎች ላይ ከታየው ከማንኛውም ልዩነት ይበልጣል። እኔ በዚህ የተጎዱ ቤተሰቦችን ከጠረጴዛው ማዶ አይቻለሁ፤ ሁሉም ያሉት «ማንም አልነገረንም» ነው።

ከቤተ ክርስቲያን፣ ከማኅበር ወይም ከመሥሪያ ቤት ልጃችሁ ትንሽ ስኮላርሺፕ አግኝታ እንደሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ያንን ገንዘብ ሲያይ የራሱን ግራንት ይቀንስ እንደሆነ ጠይቁ። ሜሪላንድ ይህን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ላይ በሕግ በመገደብ የመጀመሪያዋ ክፍለ ግዛት ናት፤ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በግል ኮሌጅ ወይም እንዲህ ያለ ሕግ በሌለው ክፍለ ግዛት ግን የማኅበራችሁ ሁለት ሺህ ዶላር ልጅቷን ሳይጠቅም የኮሌጁን ወጪ ብቻ ሊያቃልል ይችላል።

አሁን ደግሞ ከአዲስ አበባ፣ ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ ሆናችሁ ሁለት ደብዳቤ ለያዛችሁ። ለእናንተ የፌዴራል እርዳታ የለም፤ ግቢ ውስጥ ያለው ሥራም ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት አያልፍም። ስለዚህ በሁለት «ሙሉ ስኮላርሺፖች» መካከል ያለች ትንሽ ክፍተት እናንተ ላይ ትከብዳለች። ሦስት ነገሮችን አጣሩ። አንደኛው ግብር ነው። ስኮላርሺፑ ከትምህርት ክፍያና ከመጽሐፍ አልፎ ዶርምና ምግብ ከሸፈነ፣ ለዶርምና ለምግብ የዋለው ክፍል በአሜሪካ ሕግ ግብር አለበት፤ ከኤፍ ቪዛ ተማሪ ላይ 14 በመቶ ተቀናሽ ይደረጋል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት የሚያስቀር ነገር የለም። ዶርምና ምግቡ 15,000 ቢሆን፣ ተቀናሹ 2,100 ዶላር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ታክስ ሲሠራ የተወሰነው ሊመለስ ይችላል፤ እስከዚያ ግን ሂሳባችሁ ላይ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፣ ለቀጣዩ ሴሚስተር መመዝገብ ሊያግዳችሁም ይችላል። ይህን ራሱ የሚሸፍን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ተማሪው ላይ የሚጥልም አለ። ሁለተኛው የጤና ኢንሹራንስ ነው፦ ከስኮላርሺፑ ውስጥ ነው ወይስ ውጭ? ሦስተኛው የማንም ደብዳቤ ላይ አይጻፍም። ገና ላይና ክረምት ላይ ዶርሙ ይዘጋል? ከተዘጋስ አገሩ ሩቅ የሆነበት ተማሪ የት ያድራል፣ ምን ይበላል? ካፌው ለሦስት ሳምንት በሚዘጋበት ከተማ፣ በበረዶ መካከል፣ ያለ ዘመድ የሚቀሩ ልጆች አሉ። ዶርሙን ክፍት የሚያደርግና የማያደርግ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ካላችሁ፣ ደረጃውን ትታችሁ ይህን መዝኑ።

ወደ ወላጆች ልመለስ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይሉኝታችን ነው። «ሰጥተውን ሳለ እንዴት እንጨምር እንላለን? ቢቀሙንስ?» ይሉኛል። በጨዋነት በመጠየቁ የተሰጠውን ያጣ ልጅ አላየሁም። ሥራ ከጠፋ፣ ሰው ከታመመ፣ የትርፍ ሰዓት ከቀረ፣ የፌዴራል ሕግ ለፋይናንሺያል ኤድ ባለሙያው ሂሳቡን እንደገና የማየት ሥልጣን ሰጥቶታል። አገር ቤት ላሉት እናትና አባታችሁ በየወሩ የምትልኩትንም ጻፉ፤ የመላኪያ ደረሰኞቹን አያይዙ። ቢሮው ይቀበለዋል ብዬ ቃል አልገባም፤ አንዱ ይቆጥረዋል፣ ሌላው አይቆጥረውም። ያልተጻፈውን ግን ማንም አይቆጥርላችሁም፤ የታክስ ወረቀታችሁ ላይ የሚታየው ደመወዛችሁ ነው እንጂ ደብረ ብርሃን ያለች አያት መድኃኒት አይደለም። አጻጻፉም ዋጋ አለው። «ድርድር» የሚለውን ቃል አታንሱ፤ «ዳግም እንዲታይልን» በሉ፤ የሌላውን ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ሙሉውን አያይዙ፤ የጎደላችሁን ቁጥር በትክክል ጻፉ፤ ኢሜይሉም በልጅቷ ስም ይላክ። ሚያዝያ ከመጋመሱ በፊት ላኩት። የተለመደው የመወሰኛ ቀን ሜይ 1፣ በእኛ ሚያዝያ 23 ነው፤ ያ ቀን ሲቃረብ ቢሮው በሥራ ይጥለቀለቃል። ሁለቱም ጋ ዲፖዚት ከፍሎ ጊዜ መግዛት ደግሞ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል፤ ቦታውን ሊያሳጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ አራት ዓመቱ በአንድ ሁለት ሺህ ዶላር ብቻ ከተለያየ፣ በገንዘብ መምረጡን ተዉት። ያኔ እኔ የማየው በአራት ዓመት ስንቱ እንደሚመረቅ ነው። ኮመን ዳታ ሴት «ቢ» ክፍል ውስጥ የፔል ግራንት የሚያገኙ፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ካለው ቤት የመጡ ተማሪዎች ምረቃ ለብቻው ተለይቶ ተቀምጧል። በጠቅላላው ጥሩ የሚመስል፣ እነዚህን ልጆች ግን መንገድ ላይ የሚያስቀር ዩኒቨርሲቲ አለ። ስሙ ብዙም ያልተወራለት፣ ግን ልጆቹን አንድ በአንድ እየተከታተለ የሚያስመርቅም አለ። የኋለኛውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ፤ ለራሴ ልጅም የመረጥኩት እንዲያ ነው።

በብዙ ትልልቅ ካምፓሶች የኢትዮጵያና የኤርትራ ተማሪዎች ማኅበር አለ። ከመወሰናችሁ በፊት ልጃችሁ ለሁለቱም ማኅበራት ትጻፍና ሦስተኛ ዓመት ከደረሰች አንዲት ተማሪ ጋር ያገናኟት። ስለ ካፌውና ስለ ዶርሙ አታድክማት። የመጀመሪያው ዓመት ሂሳቧና የዘንድሮው ሂሳቧ ስንት ስንት እንደነበር ብቻ ትጠይቃት።