የእናቶቻችን ጓሮና ከሩቅ አገር የመጣው ትምህርት

ከቡታጅራ ከተማ ወጥቶ ወደ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ የሚጓዝ ሰው፥ በመስቃን መንደሮች አንድ ዓይነት ሥርዓት ደጋግሞ ያያል። ቤቱ በመካከል ነው፤ ከጀርባው እንሰቱ እንደ ቅጥር ቆሟል፤ በእንሰቱ ጥላ ሥር ቡናና ጎመን፥ ከዚያም ወዲያ እህል የሚዘራበት ማሳ፥ በዳርቻው ባሕር ዛፍ ይታያል። የጉራጌ ሰው ጀፎረ የሚለው ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድም በየደጃፉ ፊት ይዘረጋል፤ ከብት የሚሰማራበት፥ ሠርግና ለቅሶ የሚከናወንበት፥ ሽማግሌ ለዕርቅ የሚቀመጥበት እርሱ ነው። እኛም በዚህ ውስጥ ተወልደን ስላደግን፥ ነገሩ ሥርዓት መሆኑን ለብዙ ዘመን ሳናስተውል ኖርን።

ያስተዋልነው፥ ለመናገር ቢያሳፍርም፥ ከሩቅ አገር በመጣ ትምህርት ነው። ለተማሪዎቻችን የእርሻ ትምህርት ስናሰናዳ ፐርማካልቸር ስለሚባለው ዕውቀት የሚናገር ጽሑፍ እጃችን ገባ። ቃሉ ቋሚ እርሻ፥ ሲሰፋም ቋሚ አኗኗር እንደ ማለት ነው። ጀማሪዎቹ በአውስትራልያ በታዝማንያ ደሴት የነበሩት ቢል ሞሊሰንና ዴቪድ ሆልምግሬን ሲሆኑ፥ የመጀመሪያውን መጽሐፋቸውን በ1978 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሞሊሰን በ2016 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል፤ ትምህርቱ ግን በብዙ አገሮች ተሠራጭቶ በ72 ሰዓት መደበኛ ኮርስ ይሰጣል። መሠረቶቹ ሦስት ናቸው፤ ምድርን መጠበቅ፥ ሰውን መንከባከብ፥ ከራስ ፍላጎት የተረፈውን ማካፈል። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። አዳም በገነት የተቀመጠው ሊበላ ብቻ ሳይሆን ሊሠራባትና ሊንከባከባት መሆኑን፥ የእርሻን ቃርሚያም ለድሀና ለመጻተኛ መተው ከኦሪት ጀምሮ የታዘዘ መሆኑን በልጅነታችን ተምረናልና።

የዚህ ዕውቀት ሊቃውንት የአንድን ቤተ ሰብ ቦታ በቀጠና ይከፍላሉ። ዜሮ ቁጥር የተሰጠው ቤቱ ራሱ ነው፤ በየቀኑ እጅ የሚነካው አትክልት በአንደኛው፥ አልፎ አልፎ የሚጎበኘው ፍራፍሬ በሁለተኛው፥ የእህሉ ማሳ በሦስተኛው፥ እንጨትና ግጦሽ በአራተኛው፥ ሰው የማይነካው ዱር በአምስተኛው ቀጠና ይሆናል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እግር የማያዘወትረው አትክልት ውኃም ፍግም አይደርሰውም። ይህን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥለን ስንጨርስ፥ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «መምህር፥ ይህማ የአያቴ ቤት ነው» አለን። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኛ ግን ያን ዕለት ወደ ቤታችን ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ስናስበው ሄድን።

በእውነትም የእንሰቱ ቦታ በአጋጣሚ የተመረጠ አይደለም። በጥንቱ የጉራጌ ቤት ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ ጠዋት ጠዋት ፍጉና አመዱ ተጠርጎ ወደ እንሰቱ ይሄዳል፤ የእንሰቱ ቅጠል ደግሞ በበጋ ለከብቱ መኖ ሆኖ ይመለሳል። የሚጣል ነገር የለም። ግንዱ ተፍቆ፥ በጉድጓድ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው የዘቀጠው ነጩ ቡላ ነው፤ ከመሬት በታች ያለው ወፍራም ሥሩ ተቀቅሎ አሚቾ ተብሎ ይበላል፤ ከፍቆቱ የቀረው ቃጫ ገመድ ይሆናል፤ በቅጠሉም ዳቦ ይጋገርበታል። ተክሉ እንደ አየሩና እንደ አያያዙ ከ4 እስከ 7 ዓመት ድረስ ያድጋል፤ ነገር ግን እንደ ጤፍ የአጨዳ ቀን አያስገድደውም፤ ቤተ ሰቡ ሲቸገር ሙሉ በሙሉ ሳይደርስም ይቆረጣል። ሰፊው ቅጠል የክረምቱን ዝናብ ኃይል ሰብሮ አፈሩን ይጠብቃል፤ ግንዱም በውስጡ ውኃ ያከማቻል። ስለዚህ ዝናብ አንድ ዓመት ቢያጎድል፥ እህሉ ሲጠወልግ እንሰቱ ይቆማል። ዛሬ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ የኢትዮጵያ ሕዝብ ኑሮውን ከዚህ ተክል ጋር አያይዟል። እንሰትን ከቡናና ከትልልቅ ዛፎች ጋር አስማምቶ የሚያኖረው የጌዴኦ መልክዐ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ የኮንሶ እርከንም በ2011 እ.ኤ.አ. ቀድሞት ነበር። በፍቆቱ ሥራ ወገባቸው የሚጎብጠው ሴቶች መሆናቸውን ግን ሳንጠቅስ አናልፍም። ይህን ሥርዓት የምናመሰግን ወንዶች አንድ ቀን መፋቂያውን ይዘን ብንውል ምስጋናችን በመጠን ይሆን ነበር።

እንዲህ ከሆነ መስቃን ምን ይጎድላታል የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚጎድላት ያላትን መጠበቅ ነው። መሬቱ ለልጆች እየተከፈለ ጠብቧል፤ በየጓሮው ጫት የእንሰቱን ቦታ እየወሰደ ነው፤ ጫት በሳምንት ገንዘብ ያመጣል፥ ዋጋው ሲወድቅ ግን ልጆች በእርሱ አይጠግቡም። ከጥፋተኞቹም አንዱ እኛ ነን። ለቤታችን ቆርቆሮ መግዣ ስናስብ፥ በእናታችን እንሰት ራስጌ ባሕር ዛፍ ተከልን። እናታችን «ልጄ፥ ይህ ዛፍ ጉርብትና አያውቅም» ብለውን ነበር። እኛም የተማረ ሰው መልስ ሰጠናቸው። ባሕር ዛፍ ክፉ ነው አንልም፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃለለ ዛፍ ነው። ስፍራው ግን ከማሳ ዳር፥ ከእንሰትና ከምንጭ የራቀ ነበር። በስድስተኛው ዓመት የላይኞቹ ሁለት የእንሰት ረድፎች ቀጠኑ፤ ከዛፉ ሥር ሣር ስለ ጠፋ የክረምቱ ጎርፍ ያለ ከልካይ ወርዶ በጓሮው መካከል ቦይ ቆፈረ። ቆርቆሮው ተገዝቷል፤ እናታችንም ነገሩን አንድ ጊዜም አላነሡብንም፤ ይህም ከወቀሳ ይልቅ ከበደን።

ያን ጊዜ የሩቁ ትምህርት ጠቀመን። የመጀመሪያው ትእዛዙ ከመቆፈር በፊት መመልከት ነው። በሐምሌ ዶፍ ሲወርድ ጋቢያችንን ተከናንበን ወጣንና ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አየን። ቀጥሎ ማንም በቤቱ ሊሠራው የሚችለውን መለኪያ ሠራን። ሁለት እኩል እንጨቶች በአናታቸው ታስረው እግራቸው ይከፈታል፤ በመካከላቸው አግዳሚ ይታሰራል፤ ከአናቱም ድንጋይ የተንጠለጠለበት ክር ይወርዳል። ክሩ አግዳሚውን በሚያልፍበት ምልክት ይደረጋል፤ እግሮቹ ቦታ ተለዋውጠው እንደ ገና ምልክት ይደረጋል፤ የሁለቱ ምልክቶች መካከል ልኩ ነው። ክሩ በዚያ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ቆመዋል። በዚህ ዓይነት አንዱን እግር እያዞሩ፥ ችካል እየተከሉ ተዳፋቱን አቋርጦ መሄድ ነው። በችካሉ መሥመር ቦይ ቆፈርን፤ አፈሩን ወደ ታች በኩል ከምረን ደሾ ሣር ተከልንበት። ውኃው ከመሮጥ ይልቅ ቆሞ መስረግ ጀመረ። የላይኞቹን ባሕር ዛፎችም ቆርጠን ጉቶአቸውን ነቀልን፤ ከተከላው ይልቅ ንቀላው እንዴት እንደሚያደክም የሞከረ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን በቦይም በፍግም አይድንም፤ እርሱም የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። መንሥኤው ባክቴሪያ መሆኑን በ1968 እ.ኤ.አ. ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሊቃውንት ጽፈው አስታወቁ። የመሐሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫማ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም፤ ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረውም ብዙ ጊዜ የራሳችን ቢላዋ ነው። የታመመውን ነቅሎ ከጓሮ ርቆ መቅበር፥ ቢላዋውን ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት በእሳት መለብለብ፥ ከብት የታመመውን እንዳይግጥ ማድረግ፥ ችግኝን ከጤነኛ ጓሮ ብቻ መውሰድ ያስፈልጋል።

ከእኛ በታች የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ከሁለት ዓመት በፊት በዚህ በሽታ የእንሰታቸውን እኩሌታ አጥተዋል። ልጆቻቸው ቦታውን ጫት እንትከልበት ብለው ቢለምኑአቸው እንቢ አሉ፤ ቦታውንም ጎመንና ባቄላ እያፈራረቁ አሳደሩት። በዚህ ዓመት እናታችን ከክረምት በፊት አንድ ጤነኛ እንሰት መርጠው ግንዱን ከሥሩ በላይ አስቆረጡ፤ ልቡን አውጥተው ፍግና አፈር ሞሉበትና ቀበሩት። ዝናቡ ከገባ በኋላ ከአንዱ ሥር አርባ የሚያህል ቡቃያ ፈነዳ። ችግኙ ለመዛወር እስኪደርስ ዓመት ይፈልጋል፤ ሆኖም ባልቴቲቱ በማግስቱ መጥተው ቆመው አዩት። እናታችን «ሃያው የአንቺ ነው» አሏቸው፤ ቀጥለውም ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ ለዚያ ቀን የሚሆን አዲስ ቢላዋ ከቡታጅራ ገበያ እንድናመጣ አዘዙን።