ለተሽከርካሪ ተጨማሪ መሣሪያዎች የሚገጠም የሪሌና የፊውዝ ሳጥን አመራረጥና አገጣጠም
በደባርቅ፣ በዳባትና በሊማሊሞ መስመር ለሚንቀሳቀሱ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ደባርቅ የሚገባው ተሽከርካሪ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት አስቸጋሪ መንገድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ነው። ሁለተኛው የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና አዲአርቃይ የሚወርደው መንገድ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው ኩርባ በቅርብ ርቀት እንኳ አይታይም። በመሆኑም በአካባቢው የሚሠሩ ባለንብረቶች የጉም መብራት፣ የጎማ መንፊያ፣ የስልክ መሙያና የመሳሰሉትን መሣሪያዎች በተሽከርካሪያቸው ላይ መጨመራቸው የተለመደ ነው።

መሣሪያዎቹ ጠቃሚ የመሆናቸውን ያህል አገጣጠማቸው የተሳሳተ እንደሆነ ለከፋ አደጋ ይዳርጋሉ። የተጨመረው መብራት ሽቦ ከዋናው የፊት መብራት መስመር ላይ ተቀጥሎ ከሆነ፣ የአንዱ ብልሽት የጋራውን ፊውዝ ያቃጥልና ሁለቱም መብራቶች በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ። ይህ በሌሊት በሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ቢያጋጥም የሚያስከትለው ጉዳት ግልጽ ነው። ለተጨማሪ መሣሪያዎች የራሳቸው የሪሌና የፊውዝ ሳጥን የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ መሣሪያ ሲበላሽ ያ መሣሪያ ብቻ ይቋረጣል፣ ዋናው መብራትና ሞተሩ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

የሪሌና የፊውዝ የሥራ ድርሻ

ሪሌ በአነስተኛ ኃይል ታዝዞ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፍ ማብሪያ ነው። አሽከርካሪው የሚጫነው ማብሪያ ወደ 0.2 አምፔር ብቻ ያሳልፋል፤ ለመብራቱ የሚያስፈልገው ከፍተኛ ኃይል ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ በሪሌው በኩል ይሄዳል። ስለዚህ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው ማብሪያና ቀጭን ሽቦው አይግሉም።

ፊውዝ በበኩሉ በዋነኛነት የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ሽቦው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ኃይል ሲያልፍ ሽቦው ከመጋሉና ልባሱ ከመቅለጡ በፊት ፊውዙ ይበጠሳል። የተበጠሰን ፊውዝ በሽቦ ቁራጭ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት መተካት ጥበቃውን ፈጽሞ ያስወግዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ይሆናል።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ስሌት

በመጀመሪያ የተሽከርካሪው ቮልት ይረጋገጥ። የቤት መኪናዎችና አብዛኞቹ ሚኒባሶች 12 ቮልት፣ ብዙዎቹ የጭነት ተሽከርካሪዎችና አውቶቡሶች ግን 24 ቮልት ናቸው። ሪሌውና መብራቱ ከተሽከርካሪው ቮልት ጋር መጣጣም አለባቸው። በ24 ቮልት ተሽከርካሪ ላይ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ 12 ቮልት መውሰድ ባትሪዎቹን ያለ እኩል ስለሚያዳክም የቮልት መቀነሻ መሣሪያ መጠቀም ይገባል።

ቀጥሎ የእያንዳንዱ መሣሪያ ዋት ለቮልቱ ተካፍሎ አምፔሩ ይገኛል። በ12 ቮልት ተሽከርካሪ ላይ ሦስት መሣሪያዎች ቢጨመሩ ስሌቱ እንደሚከተለው ይሆናል።

1. ሁለት የጉም መብራቶች እያንዳንዳቸው 55 ዋት ቢሆኑ በድምሩ 110 ዋት ነው። ይህ ለ12 ሲካፈል 9.2 አምፔር ገደማ ይሆናል። ከዚህ አንድ አራተኛ ያህል ከፍ ያለ ፊውዝ ስለሚያስፈልግ ባለ 15 አምፔር ፊውዝና 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይመረጣል።
2. 15 አምፔር የሚወስድ የጎማ መንፊያ ባለ 20 አምፔር ፊውዝና 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይፈልጋል።
3. 24 ዋት የሚወስድ የስልክ መሙያ 2 አምፔር ስለሚጠቀም ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል።

የሦስቱ ድምር ወደ 26 አምፔር ይደርሳል። ስለዚህ ከባትሪው ወደ ሳጥኑ ለሚሄደው ዋና መስመር 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና ባለ 40 አምፔር ዋና ፊውዝ ተስማሚ ናቸው። ፊውዙ ከመሣሪያው ፍላጎት ከፍ ያለ፣ ሽቦው ከሚሸከመው ግን ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

የፊውዝ መጠን በላዩ ከተጻፈው ቁጥር በተጨማሪ በቀለሙ ይለያል፦ 10 አምፔር ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 30 አረንጓዴ ነው።

የሪሌው እግሮች አያያዝ

በሪሌ እግሮች ሥር የተጻፉት ቁጥሮች ሥራቸውን ያመለክታሉ። 30 ቁጥር ከባትሪ በፊውዝ በኩል የሚመጣው ኃይል መግቢያ ሲሆን፣ 87 ቁጥር ወደ መሣሪያው የሚሄደው መውጫ ነው። 86 ቁጥር ከአሽከርካሪው ማብሪያ፣ 85 ቁጥር ደግሞ ከኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል። አምስት እግር ባላቸው ብዙ ሪሌዎች መካከለኛው እግር ማብሪያው ሲጠፋ ኃይል የሚያወጣ በመሆኑ መብራት ከእርሱ ጋር አይያያዝም።

ማብሪያው ኃይል የሚያገኘው የሞተር ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር ቢሆን ይመረጣል። ይህ ካልሆነ የተረሳ መብራት ባትሪ ይጨርሳል። 70 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ከላይ የተጠቀሱትን ሁለት መብራቶች ሞተር ጠፍቶ ቢያበራ ከአራት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። በደባርቅና ከዚያም በላይ ባለው ከፍታ የሌሊቱ ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚያዳክም ጠዋት ሞተሩን ማስነሳት አስቸጋሪ ይሆናል።

በአገጣጠም ወቅት ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ሥራው ሲጀመር በመጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል፤ ሲጠናቀቅም በመጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው።
• ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ይቀመጣል። በባትሪውና በፊውዙ መካከል ያለው ሽቦ ጥበቃ ስለሌለው አጭር መሆን ይኖርበታል።
• ሳጥኑ ከጭስ ማውጫው የራቀ፣ ክዳን ያለውና ሽቦዎቹ ከታች በኩል የሚገቡበት ሊሆን ይገባል። ይህም የክረምት ዝናብና የበጋ አቧራ እንዳይገባበት ይከላከላል።
• ሽቦ ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ መከላከያ ይደረግበታል። በጠጠር መንገድ ንዝረት የቆርቆሮ ጠርዝ የሽቦውን ልባስ ቀስ በቀስ ይቆርጠዋል።
• ሽቦን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል አይበቃም። ጫፉ በማያያዣ ብረት ገብቶ በፒንሳ ሊጨፈለቅ ይገባል።
• የኔጋቲቭ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ንጹሕ ብረት መታየት አለበት።

ሥራው ሲያበቃ መሣሪያዎቹ ለ15 ደቂቃ ያህል በርተው ሽቦዎቹና ሪሌዎቹ በእጅ ይፈተሻሉ። እጅ የማያስነካ ሙቀት ካለ ሽቦው ቀጭን ወይም ማያያዣው ልል ነው። ፊውዝ ቢበጠስ በተመሳሳይ መጠን አንድ ጊዜ ብቻ ይተካል። እንደገና ከተበጠሰ የኤሌክትሪክ ንክኪ መኖሩን ስለሚያመለክት ከፍ ባለ ፊውዝ ከመተካት ይልቅ ንክኪው ተፈልጎ መስተካከል ይኖርበታል።

የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ያላቸው ባለንብረቶች ተጨማሪ መሣሪያ የሚያያይዙት ከ12 ቮልቱ ባትሪ ብቻ ነው። ብርቱካናማ ልባስ ያላቸው ሽቦዎች ለሕይወት አስጊ የሆነ ከፍተኛ ቮልት ስለሚያስተላልፉ በመስኩ ከሠለጠነ ባለሙያ በቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም።

ከአገልግሎት ሰጪ ተቋማት ጋር በተያያዘ

ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ባለንብረቶች ወደ ምርመራ ከመቅረባቸው በፊት የተጨመሩ መብራቶች ከፊት ለፊት የሚመጣን አሽከርካሪ ዓይን የማይወጉ መሆናቸውንና የተንጠለጠለ ሽቦ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይጠቅማቸዋል። በተሽከርካሪው አካል ላይ ለውጥ የሚጠይቅ ሥራ ሲሆን አስቀድሞ ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት ማማከር ይገባል። ሥራውን የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ ሲያከናውነውም የእያንዳንዱን ፊውዝ መጠንና የሚጠብቀውን መሣሪያ የሚገልጽ ጽሑፍ በሳጥኑ ክዳን ላይ እንዲለጥፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከጋራዥ ርቆ በጨለማ ፊውዝ ለሚቀይር አሽከርካሪ ያ ጽሑፍና በመኪናው ውስጥ የተቀመጡ መለዋወጫ ፊውዞች ጉዞውን በሰላም ለመቀጠል ይረዱታል።