ያለ ኔትወርክ ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገር የግብርና ምክር

በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች ለአርሶ አደሩ ጊዜ አይሰጥም። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞም ሆነ መድኃኒት ረጭቶ መቆጣጠር ይቻላል፤ አድጎ ባልተዘረጉት የበቆሎው የመካከል ቅጠሎች ውስጥ ከተሸሸገ ግን ርጭቱ በቀላሉ አይደርሰውም። እንቁላሉን ለይቶ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ዛሬ ቢደርስና ከአሥር ቀን በኋላ ቢደርስ ልዩነቱ የሰብል ነው።

እንዲህ ያለው ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ወረዳ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ባሉ ጎጦች ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ባለበትም ዳታ ገንዘብ ይጠይቃል። ሆኖም ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ከሆኑ ኔትወርክም ሆነ ሂሳብ አያስፈልግም።

ብሉቱዝ ቁልፍ ባላቸው ብዙ ስልኮች ላይ ጭምር ይገኛል። አሥር ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ይሠራል፤ ሆኖም ዝግ ያለ ነው። 30 ሜጋባይት የሚመዝን ቪዲዮ ለማስተላለፍ ሁለት ደቂቃና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው ኩዊክ ሼር (እስከ 2016 ዓ.ም. ኒርባይ ሼር ይባል የነበረው) ሁለቱን ስልኮች በዋይፋይ በቀጥታ ስለሚያገናኝ ያንኑ ቪዲዮ በሰከንዶች ያሻግራል። ዜንደርም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል፤ እሱን ግን ለብቻው መጫን ይጠይቃል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ለሦስት አርሶ አደሮች ቢሰጥ፣ እነርሱም በገበያ ቀን ወይም በዕድር ላይ ለሌሎች ቢያካፍሉ፣ ቀበሌውን ለማዳረስ ብዙ ቀን አይፈጅም።

የወረዳ ኃላፊዎች ሊያስቡበት የሚገባው ነገር ታዲያ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ የተሠራጨን ቪዲዮ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። የመድኃኒቱ ዓይነት ወይም መጠን ቢቀየር አሮጌው ምክር በየስልኩ ይቀመጣል፤ በሚቀጥለው ክረምትም እንደ አዲስ ይዞራል። የፋይሉ ስም በመንገድ ላይ ሊለወጥ ስለሚችል የተዘጋጀበት ቀን፣ ያዘጋጀው ጽሕፈት ቤትና የሚመለከተው ሰብል በምስሉ ላይ ተጽፎ፣ በድምፅም ተነግሮ መውጣት አለበት። ማንበብ ለማይችለው አርሶ አደር ድምፁ የግድ ነው። ምስሉን አሳንሶ ማዘጋጀትም አይዘንጋ፤ የብዙው አርሶ አደር ሚሞሪ ሙሉ ነው።

አርሶ አደሩም ቀን የሌለውን የርጭት ምክር ከመከተሉ በፊት የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቅ፤ መጠኑንም በዕቃው ላይ ከተለጠፈው መመሪያ ያመሳክር። ከማያውቁት ሰው የሚላክን ፋይል፣ በተለይ «ጫን» የሚል መተግበሪያን፣ አለመቀበል ይሻላል፤ ቪዲዮ ለማየት ሌላ ነገር መጫን አያስፈልግምና። ልውውጡ ሲያበቃ ብሉቱዙን መዝጋት፣ ኩዊክ ሼርንም ለሁሉም ክፍት አድርጎ አለመተው ተገቢ ነው።