ስለ ቤተሰብ መኪና፤ ከነጂው ጎን የሚቀመጠውን ማን ይጠብቀዋል?

የቤት አባት የሆነ ሰው መኪና ለመግዛት ባሰበ ጊዜ ዋጋውን፣ መልኩንና የሞተሩን ብርታት አጥብቆ ይመረምራል፤ ነገር ግን አደጋ ቢደርስ በውስጡ የተቀመጡትን ሁሉ እኩል ይጠብቅ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኛም ይህን ለማስረዳት ቶዮታ ራቭ ፎር የተባለውን መኪና ምሳሌ እናደርጋለን፤ በአገራችን መንገድ ብዙ የሚታይ ነውና። ከዚህ በታች የሚጻፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በ1959 ያቋቋሙት፣ መኪኖችን ከጽኑ ግድግዳ ጋር እያጋጨ ደረጃ የሚሰጥ የመንገድ ደኅንነት ተቋም አለ። ይህ ተቋም በ2012 አዲስ ፈተና ጀመረ፤ ይኸውም መኪናው በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ፣ ከፊቱ ወርድ በነጂው ወገን ያለው ሩቡ ብቻ ከግድግዳው ጋር እንዲጋጭ ማድረግ ነው። የ2013 ራቭ ፎር በዚህ ፈተና የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደረጃ አገኘ። ፋብሪካውም ሥራውን አሻሽሎ የ2015ቱ ከፍተኛውን ደረጃ ተቀበለ።

ይህን የሰማ ገዥ ነገሩ ሁሉ ተፈጸመ ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። ዳሩ ግን ተቋሙ በነጂው ወገን መልካም የተባሉትን 7 አነስተኛ የቤተሰብ መኪኖች በሌላው ወገን አጋጭቶ ያየውን በ2016 ሲገልጽ፣ መልካም ደረጃ የሚገባው የ2016 ሂዩንዳይ ቱሳን ብቻ ሆኖ ተገኘ። በራቭ ፎር ግን ወደ ውስጥ የተጨመደደው የመኪናው አካል ከነጂው ወገን ይልቅ በተሳፋሪው ወገን 33 ሳንቲ ሜትር ያህል በለጠ፤ ለዚህ ወገን ደረጃ ይሰጥ ቢሆን ኖሮ ዝቅተኛውን ባገኘ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ እናስብ። ብዙ ጊዜ ባለቤታችን ናት፤ አለዚያም ለበዓል የምናመጣት እናታችን ናት። አጥር በአንድ ወገን ብቻ ቢጠብቅ ጅብ በሌላው ይገባል፤ ለነጂው ብቻ የተሰጠ ምስጋናም ለቤተሰብ ሁሉ ዋስ አይሆንም።

ተቋሙ ከዚያ በኋላ የተሳፋሪውንም ወገን ደረጃ ለይቶ መስጠት ጀመረ፤ እንደ አዲስ የተሠራው የ2019 ራቭ ፎርም በሁለቱ ወገን መልካም ተባለ። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው በስሙ ብቻ አይታለል፤ የተሠራበትን ዓመት ይጠይቅ፤ የፈተናውንም ውጤት በየወንበሩ ለይቶ ይመርምር።

መኪናው ምንም ቢሆን ግን ቀበቶ ሳይታሰር ጉዞ አይጀመር፤ ሕፃናትም ለዕድሜያቸውና ለቁመታቸው በተዘጋጀ መቀመጫ ከኋላ ይቀመጡ። የቤት ጌታ ራሱ የሚጠበቀውን ያህል አጠገቡ ያሉትም እንዲጠበቁ መትጋት ይገባዋል።